ያልተሰማው እሺታ

መተኛት ካለባት አሁን ነው። ሌሊቱን በሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ ስታጥፍ አድራ ከመጣች ቆይታለች፣ መጋረጃው ተስቧል፣ ስልኩ በሆዱ ተደፍቷል፣ ፀሐይ ግን በመጋረጃው ጠርዝ ሾልካ አልጋዋ ላይ ወጥታለች፣ እንቅልፍም እንደተቀየመ እንግዳ ከደጅ ተመልሷል፤ ይመለስ፣ ዛሬ ማን ይተኛል፣ ከሰዓት በኋላ አባቷ ሊያገባ ነው፤ ማለትም እንደገና ሊያገባ ነው፤ ማለትም ባለፈው ሳምንት ከረባቱን አስሮ ሹሙ ፊት ቆሞ ሳለ ኮምፒውተሩ «አልተስማሙም» ብሎ የጻፈበትን ጋብቻ ዛሬ ሊሞክረው ነው። ይህን ባሰበች ቁጥር ሳቋ ይመጣል፣ ትራሱን አፏ ላይ ትጭናለች፣ ከሳቁ ቀጥሎ ደግሞ ራሷን ትወቅሳለች፣ ምክንያቱም ኮምፒውተሩን እንዲያ ብሎ እንዲጽፍ ያስተማረችው ሌላ ሰው አይደለም፣ እሷው ናት። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለችው ሴትዮ ቢያንስ የገዛ አባቷን ሠርግ አልጣለችም።

አገሯ ሳለች የወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት የሕግ ባለሙያ ነበረች፤ ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት ወደሚመዘገብበት ጠባብ ቢሮ ጠዋት ገብታ ማታ ትወጣለች፣ ሰው በሕይወቱ የሚያጋጥመውን ሁሉ በአንድ ኮሪደር ላይ ታየዋለች። ከዚያ ቢሮ ተነሥታ ነው ሕግና የመረጃ ቴክኖሎጂ እርስ በርስ እንዴት እንደሚቀራረጹ ልትማር ባሕር የተሻገረችው። ታናሽ አክስቷ በስልክ «ምንድን ነው የምትማሪው እናቴ፣ ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?» ስትላት «ሕግ ኮምፒውተሩን ይገራዋል፣ ኮምፒውተሩ ደግሞ ዞሮ ሕጉን ይገራዋል፣ እሱን ነው የምንማረው» አለቻት፤ አክስቷ ትንሽ አሰበችና «እና መጨረሻው ላይ ማን ያሸንፋል?» አለች፤ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘችላትም፣ መምህሮቿም ያገኙ አይመስላትም። ደስ የሚለው ግን እሱ ነው። አንድ ሕግ አዋቂና አንድ ኮድ ጸሐፊ ያጣምዷቸዋል፣ አንዱ አንቀጽ ይጽፋል ሌላው ኮድ፣ ከዚያ ይለዋወጣሉ፣ ሕግ አዋቂዋ በኮድ ስትደናበር ኮድ ጸሐፊዋ በአንቀጽ ትደናበራለች፤ እሷ የተጣመደችው ማዳመጫዋን ከጆሮዋ አውልቃ ከማታውቅ ልጅ ጋር ነው፣ ባለማዳመጫዋ ትላታለች፣ አንዷ የሌላዋን አገር በካርታ ብትፈልገው አታገኘውም፣ በሰው ቋንቋ እየተኮላተፉ እስኪመሽ ይከራከራሉ፣ እስኪያማቸው ይሥቃሉ። በሕይወቷ እንዲህ ደስ ብሏት አያውቅም፣ ይህን ደግሞ ለማንም አልተናገረችም። እናቷ ከሞተች ወዲህ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻውን የቀረ አባት እያላት እኔ እዚህ ፍስሐ ላይ ነኝ ማለት አፏን ይይዛታል።

አንቀጹ ያማረ አንቀጽ ነበር፣ አሁንም ያማረ ነው፣ ማንም ይምጣና ይከራከራት። «ዝምታ ስምምነት አይደለም።» ታናሽ አክስቷ በልጅነቷ ስትዳር መዝጋቢው «ተስማምተሻል ወይ?» ብሎ ጠየቃት፣ አቀርቅራ ዝም አለች፣ አጎቶቿ «ዝምታዋ እሺታዋ ነው፣ ጻፍ» አሉ፣ ጻፈ። ያን ታሪክ አክስቷ ራሷ እየቀለደች ነው የምታወራው፣ እሷ ግን ስትሰማው የቀልዱ ቦታ ላይ መሣቅ አቅቷት ኖረች። ስለዚህ ተጋቢዎች ከምስክር ርቀውም ቢሆን በቪዲዮ የሚጋቡበትን አሠራር ለጥናታቸው ሲነድፉ፣ የድሮ ቢሮዋም እስቲ እንሞክረው ሲል፣ ሦስት ነገር በጥርሷ ይዛ አልለቅም አለች፦ መሣሪያው የሰውዬውን ቃል በጆሮው ካልሰማ «አልተስማሙም» ብሎ ይጽፋል፤ አልተስማሙም ከተባለ ዘመድ እየተመላለሰ ልጅቷን እንዳያስጨንቃት ጥያቄው ለሦስት ወር ይዘጋል፤ ምስክር የሆነ ሰው ለተጋቢው ቃል ካቀበለ ሁሉም ነገር ውድቅ ነው። ባለማዳመጫዋ በኮድ አስቀመጠችው፣ መምህሩ ለክፍሉ በሙሉ አነበበው፣ ጥያቄውን በአማርኛ የሚጠይቅ ድምፅ ሲፈለግ ደግሞ የሷን ድምፅ ቀዱ፤ «በነፃ ፈቃድዎ፣ ማንም ሳያስገድድዎ፣ ይህን ጋብቻ ተቀብለዋል?» ትላለች ኮምፒውተሩ ውስጥ ሆና፣ ልክ እንደ ትልቅ ሰው።

አባቷ ይህን ሲሰማ «የልጄ ሥራ ከሆነ የመጀመሪያው እኔ ነኝ» አለ። ማን ሊያገባ? ልብስ ሰፊዋን ነዋ። አጥር የምትጋራቸው፣ እሷም ባሏ የሞተባት፣ የመንደሩን ሁሉ ሱሪ የምታሳጥር ሴት ናት፤ አባቷ መጀመሪያ የተቀደደ ሱሪ ይዞላት ሄደ፣ ቀጥሎ ቁልፉ የላላ ኮት፣ በኋላማ ሳይቀደድም ይዞ ይሄድ ጀመር፣ ያን ጊዜ ነው ልጅቷ በስልክ ነገሩ የገባት። ዕድሜ ልኩን የመንገድ ሥራ ግሬደር የነዳ ሰው ነው፣ ያ ሞተር ሲያጓራ ቃል አይሰማምና በእጅና በቅንድብ ማውራት ለምዶ ጡረታ ወጣ፣ ለምን አትናገርም ሲሉት «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ይላል፣ እሱኑ የሚናገረውም ከስንት አንዴ ነው። አዎ ማለት ሲፈልግ ደግሞ፣ የአገሩ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ቅንድቡን ከፍ አድርጎ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል፣ አበቃ፣ ከዚያ በላይ አዎ የለም። በዚያች ትንፋሽ ነው ትምህርት ቤት የላካት፣ በዚያች ትንፋሽ ነው ሂጂ ያላት።

ባለፈው ሳምንትም ቆመ። ከረባቱ ትንሽ ጠምሟል፣ ልብስ ሰፊዋ በገዛ እጇ የሰፋችውን ቀሚስ ለብሳለች፣ የስፌት መኪናዋ ከጠዋት ጀምሮ በጋሪ ተጭኖ መጥቶ አባቷ በረንዳ ላይ ተቀምጧል፣ እሷ ደግሞ እዚህ ላፕቶፑ ፊት ምስክር ናት፣ ከወገቧ በላይ የሐበሻ ልብስ ከወገቧ በታች የሌሊት ሱሪ። ድምፅዋ ጠየቀ። አባቷ ፈገግ አለ፣ ቅንድቡን ከፍ አደረገ፣ ትንፋሹን ሳብ አደረገ፤ እሷ አየችው፣ ሹሙ አየው፣ ሰው ሁሉ አየው፣ ኮምፒውተሩ ግን የሚሰማ እንጂ የሚያይ አይደለምና ትንሽ ጠበቀና በትልልቁ «አልተስማሙም» ብሎ ጻፈ፣ ጥያቄውንም ለሦስት ወር ዘጋው። አንዱ ከኋላ «እንዴ፣ ሙሽራው ኮበለሉ» አለ፣ ሰው ሣቀ፣ ልብስ ሰፊዋ ግን አልሣቀችም። ማታውን የስፌት መኪናው በመጣበት ጋሪ ተመለሰ።

ደወለችለት። «አባዬ» አለችው። «የጠየቅሽኝ አንቺ ነሽ፣ የመለስኩትም ላንቺ ነው» አለ አባቷ፣ ለእሱ ረጅም ንግግር ነው፣ «መቼ ነው እኔና አንቺ አዎ ስንባባል የኖርነው? አመሌን እያወቅሽ። እኔ መልሻለሁ፣ መሣሪያሽ ይታረም።» ጮክ በልና አዎ በል ልትለው ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰና ዋጠችው፣ ምስክር ቃል ካቀበለ ውድቅ ነው የሚለው የማን አንቀጽ ነው? ወደ ልብስ ሰፊዋ ደወለች፣ «እትዬ፣ ስህተቱ የመሣሪያው ነው» አለቻት፣ እሷም «አውቃለሁ የኔ ልጅ፣ አልተቀየምኩም» አለች ቅያሜው እየተሰማ፣ «ግን ሦስት ወር ሙሉ ኮምፒውተር የከለከላት ሙሽራ እየተባልኩ ልብስ አልሰፋም። እህቴ ወዳለችበት ከተማ እሄዳለሁ፣ እዚያም መርፌ አለ።» ከሄደች እንደማትመለስ ሁለቱም አወቁ። ሁለተኛ ብቸኝነት አባቷን ምን እንደሚያደርገው ደግሞ ልጅቷ ታውቀዋለች፣ የመጀመሪያውን አይታለች። ቀጥላ ሹሙን፣ የድሮ አለቃዋን፣ ለመነችው፤ ሹሙ ሰውነቱ ደግ ነው፣ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ግን ብረት ነው። «አንቺ ልጅ፣ ሕጉን የጻፍሽው አንቺ፣ የምትለምኚኝም አንቺ» አላት፣ «በልመና መዝገብ አይከፈትም። አንቀጽ አምጪ።»

አንቀጽ አምጪ። ትናንት ቀኑን ሙሉ የትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ውስጥ ከባለማዳመጫዋ ጋር ተቀምጣ አንቀጽ ስትፈልግ ዋለች፤ አሁንም እዚያው ያለች ይመስላታል፣ አልጋው ላይ ሆና የወንበሩ ጎማ ሲንጫጫ ይሰማታል። ባለማዳመጫዋ ከመጣራቱ በፊት የነበረውን ጥሬ ቅጂ አወጣች፤ የመሣሪያው የድምፅ ማጣሪያ ከሰው ቃል ውጪ ያለውን ሁሉ፣ የቬንትሌተሩን፣ የመኪናውን፣ የወንበሩን ድምፅ እየጠረገ ነው የሚያዳምጠው፣ የአባቷንም ትንፋሽ ነፋስ መስሎት ጠርጎታል። ጥሬው ላይ ግን ቁልጭ ብሎ አለ፣ በመስመሩ መሐል ትንሽ ጉብታ፣ ደግማ ደጋግማ አስከፈተቻት፣ አባቷ ቤቱን ለቆ ጆሮዋ ውስጥ የገባ መሰላት፣ ዐይኗ ውኃ ሞላ። ባለማዳመጫዋ ግን ግንባሯን ቋጥራ «ምን ሆነው ነው የደነገጡት?» አለች። «ማን ደነገጠ?» «አባትሽ። ይኼ እኮ የደነገጠ ሰው ትንፋሽ ነው።» «የለም፣ አዎ ማለቱ ነው።» «በትንፋሽ?» «በትንፋሽ።» ባለማዳመጫዋ ማዳመጫዋን አወለቀች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ጆሮዋን አየችላት፣ «እስቲ በይ» አለቻት፣ ትንፋሿን ስባ አሳየቻት፣ ባለማዳመጫዋ ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተፈናጠረች፣ እንደገና በይ አለቻት፣ ሁለቱም እስኪደክማቸው ትንፋሽ ሲስቡ ዋሉ፣ አጠገባቸው የሚያጠኑት ሐኪም ሊጠሩላቸው ነበር።

«ቀላል ነው» አለች ባለማዳመጫዋ፣ «መሣሪያውን ትንፋሽ አስተምረዋለሁ። ያችን ሲሰማ አዎ ብሎ ይጽፋል።» ደስታ ወረራት፣ እቀፊኝ ልትላት ምንም አልቀራት፣ አባቷ ሳይታረም መሣሪያው ይታረማል፣ ልብስ ሰፊዋ ጋሪዋን ትመልሳለች። ግን ያ «ደነገጡ» የሚለው ቃል ሆዷ ውስጥ ቀርቶ ነበር። አንዲት ልጅ ሹሙ ፊት ብትቆም፣ አጎቶቿ ከኋላዋ ቢቆሙ፣ ጥያቄው ሲጠየቅ ክው ብላ ትንፋሿን ብትስብስ? የትኛው ትንፋሽ እሺታ፣ የትኛው ፍርሃት እንደሆነ ባለማዳመጫዋ ካልለየችው እሷ ያስተማረችው መሣሪያ ምን ሊለይ ነው? አክስቷ በልጅነቷ አቀርቅራ ቆማ ታየቻት። «አይሆንም» አለች። «ለአባትሽ ነው እኮ» አለች ባለማዳመጫዋ። «ለአባቴ ብዬ የሰው ልጅ አልድርም» አለች፣ ተናግራው ራሷ ፈራች፣ ሄዳ ውኃ ጠጣች፣ መስኮቱ ጋ ቆማ ታች ብስክሌቶቹ ሲያልፉ አየች። የተበላሸው ታዲያ የቱ ጋ ነው? ዝምታ ስምምነት አይደለም የሚለው አልተበላሸም። መሣሪያው ደንቆሮ መሆኑም ነውር አይደለም፣ የማይደነቁር የለም። ነውሩ ደንቁሮ ሳለ ፈራጅ መሆኑ ነው። ሰው ቢሆን ኖሮ ምን ይላል? አልሰማሁም፣ ይድገሙልኝ ይላል። ሰው ሹክ እንዳላት ሁሉ ዘላ ተመለሰችና እንደዚህ ጻፈች፦ «መሣሪያው ያልሰማ እንደሆነ አልሰማሁም ይላል እንጂ አልተስማሙም አይልም። አንድ ጊዜ ደግሞ ይጠይቃል። በሁለተኛውም ካልሰማ ጥያቄው ለሦስት ወር ይዘጋል።» አጭር ነው። ባለማዳመጫዋ ኮዱን ሳትጨርስ እሷ ጥሬውን ቅጂና አንቀጹን ለሹሙ ላከች፤ ሹሙም ማታውን ደወለላት፣ «ያለፈው እምቢታ ሳይሆን ድንቁርና ነው፣ ሰርዤዋለሁ። ነገ ይምጡ» አለ፣ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ቃል ብታቀብዪው ግን አንቺንም አልምርም» ጨመረ። ስልኩን ስትዘጋ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ፣ ወዲያው ደግሞ ቅቤው ረጋ፤ አባቷን ታውቀዋለች፣ ሁለት ጊዜ ቢጠይቁት ሁለት ጊዜ ነው የሚተነፍስላቸው።

እንግዲህ በዚህ ሐሳብ ማን ይተኛል? ተነሣች። ፊቷን ታጠበች፣ ቀሚሷን አጠለቀች፣ ዛሬ ከወገቧም በታች ለበሰች፣ ላፕቶፑን መጽሐፍ ደራርባ ከፍ አደረገችው፣ ከፈተች፣ እነሆ ኮሪደሩ፣ እነሆ ያ ጠባብ ቢሮ፣ አክስቷ ከፊት ተቀምጣ እጇን እያውለበለበች «ታዪናለሽ?» ትላለች፣ «አየኋችሁ» ትላለች። ልብስ ሰፊዋ ያንኑ ቀሚስ ለብሳለች፣ ፊቷ ግን ዛሬ እንግዳ ነው፣ ሻንጣዋን በሩ ጋ አስቀምጣዋለች፣ ዕወቁልኝ ማለቷ ነው። አባቷ ከረባቱን አላጠመመውም፣ ወደ ካሜራው ተመለከተና ባየችው ጊዜ ቅንድቡን ከፍ አደረገላት፣ እሷ ግን የሹሙ ማስጠንቀቂያ ትዝ አላትና ፊቷን እንደ ዳኛ አኮሳተረች። ሹሙ ሁለቱን ምስክሮች ቃል እንዳያቀብሉ አስጠነቀቀ። ልብስ ሰፊዋ ስትጠየቅ «ተቀብያለሁ» አለች፣ እስከ ኮሪደሩ ተሰማ። ተራው የአባቷ ሆነ።

ድምፅዋ ጠየቀ። አባቷ ትንፋሹን ሳብ አደረገ። ክፍሉ ጠበቀ፣ እሷም እዚህ ጥፍሯን መዳፏ ውስጥ ሰክታ ጠበቀች፣ ጽሑፉ መጣ፦ «አልሰማሁም።» ሰው አጉረመረመ፣ አባቷ ስክሪኑን እንደ ሰነፍ ረዳት አየው። ድምፅዋ እንደገና ጠየቀው፣ በነፃ ፈቃድዎ፣ ማንም ሳያስገድድዎ፣ እዚህ ያለችው እሷ ደግሞ ከንፈሯን ነክሳ፣ አባዬ በናትህ፣ አንዲት ቃል፣ ሌላ ምን ለምኜህ አውቃለሁ ትላለች በሆዷ። አባቷ ደረቱን ነፋ፣ ቅንድቡ መነሣት ጀመረ፣ ያችን ትንፋሽ ሊስባት ነው፣ ያኔ ልብስ ሰፊዋ ወደሱ ሳትዞር፣ እጆቿን እያየች፣ በቀስታ «እኔም አልሰማሁም» አለች።

አባቷ ቆመ። ዞሮ አያት። ሹሙ እጁን አንቀጹ ላይ አኖረ፣ በዐይኑ ወርዶ አነበበው፣ ምስክር ይላል እንጂ ሙሽራ አይልም፣ እጁን አነሣ። አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ያንን ሞተር ዕድሜ ልኩን ሲሰማ የኖረ ሰው ድምፁ የት እንዳለ ሲፈልግ ሁሉም አዩት። «አዎ» አለ። ሻካራ ነው፣ ግማሹ ከደረቱ ያልወጣ። ስክሪኑ «ተስማምተዋል» ብሎ ሲጽፍ እንኳ አላየም፣ ልብስ ሰፊዋን ነው የሚያየው፣ «አዎ፣ ተቀብያለሁ። ከዚያ ከኮቱ ጊዜ ጀምሮ» አለ፣ እሷም ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፣ አክስቷ እልል አለች፣ ሌላው ተቀበላት፣ ማጣሪያው ያን ሁሉ ምን እንደሚያደርገው ጨንቆት ድምፁ ተቆራረጠ፣ እሷ ግን ጠባቧ ክፍሏ ውስጥ ብቻዋን ቆማ ታጨበጭባለች፣ ታለቅሳለች፣ ትሥቃለች።

ሲረጋጋ አባቷ ወደ ካሜራው ቀረበ፣ ግንባሩ ብቻ ስክሪኑን ሞላው። «ልጄ» አለ፣ «አሁን ልጠይቅሽ። በየሳምንቱ ስደውል ደስ ብሎሻል ወይ እልሻለሁ፣ ትዘጊኛለሽ። ጸጥ። ስልኩን አስቀምጬ አድራለሁ።» ሁለት ዓመት ሙሉ የመለሰችለት ሁሉ ታያት፤ በየሳምንቱ ቅንድቧን አንሥታ፣ ትንፋሿን ስባ፣ ማንም በማያይበት ስልክ ላይ። የስልኩም ማጣሪያ ጠርጎት ኖሯል። ማጣሪያው ብቻም አይደለም፤ ቃሉን ማውጣት ነውር መስሏት፣ በባዶ ቤቱ ላይ መፈንጠዝ መስሏት፣ በትንፋሽ ሸሽጋዋለች። እሱ ደግሞ ጸጥታዋን እንደ መከራ ሲሰማው ኖሯል። አሁንም ትንፋሿ ሊሳብ ሲል ያዘችው።

«አዎ» አለች፣ ከጠበቀችው በላይ ጮክ ብላ። «አዎ አባዬ፣ በጣም ደስ ብሎኛል።»

«ሰማችሁ?» አለ አባቷ፣ ወደ ሰዎቹ ዞሮ።